መብራት ሲመጣ የሄደው ሰማይ

በሰማይ ላይ ቡና የሚባል ኮከብ አለ። ቀልድ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ለየራሳቸው ለአንድ ኮከብና በዙሪያው ለሚዞር አንድ ፕላኔት ስም እንዲያወጡ ጋብዞ ነበር። ውጤቱ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ፣ እስከዚያ ድረስ ኤችዲ 16175 በሚል ቁጥር ብቻ የሚታወቀው፣ ቡና ተባለ። የሚዞረው ግዙፍ ፕላኔት ደግሞ አቦል። ቶናና በረካ ሌላ ፕላኔት እስኪገኝ ይጠብቃሉ ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት፣ ታኅሣሥ 10 ንጋት ላይ፣ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች። ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች እንጦጦ ላይ ተሰብስበው በስክሪን ሲያዩ አድረዋል። ሳተላይቷን አገር ሁሉ ሰማ። ኮከቡን የሰማ ግን ጥቂት ነው፤ ያየውማ ከዚያም ያንሳል።

ቡና በባዶ ዓይን አይታይም። ብርሃኑ ዓይናችን ሊለየው ከሚችለው ወሰን ትንሽ ወረድ ይላል። ሰማዩ በደንብ ከጨለመ ግን ተራ ባይኖክላር ይበቃዋል። ርቀቱ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ስለሆነ ዛሬ ማታ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ብርሃን ከዚያ የተነሳው እዚህ ዘመነ መሳፍንት ሳለ ነው፤ ቴዎድሮስ ገና ልጅ ካሣ በነበሩበት ጊዜ። ያ ብርሃን ያን ሁሉ ዘመን ማንም ሳያግደው ተጉዞ፣ በመጨረሻዋ የሰከንድ ሽራፊ አዲስ አበባ አናት ላይ ሲደርስ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ብርሃን ጋር ተደባልቆ ይጠፋል።

ይሄ ጽሑፍ ስለዚያች ሽራፊ ነው።

እኔ በየማታው የማየው ሰማይ የሰባተኛ ሰማይ ነው። የሊቃውንቱ ሰባተኛ ሰማይ እንዳይመስላችሁ፤ የመርካቶው ሰባተኛ፣ ባቡሩ ከአውቶቡስ ተራ ተነስቶ አብነት ሳይደርስ የሚቆምበት። ማታ ቀና ስል ጨረቃ አለች። ቬኑስና ጁፒተር ተራቸው ሲሆን ይታያሉ። ከዋክብቱን ግን በጣት መቁጠር ይቻላል። ሰማዩ ጥቁርም አይደለም፤ ወተት የነካው ሻይ ይመስላል። ፍኖተ ሐሊብን፣ ያንን ከአድማስ አድማስ የተዘረጋ የከዋክብት መንገድ፣ እዚህ ቆሞ ማየት የማይታሰብ ነው።

ለዚህ ታሪክ ግን ከሰባተኛ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። ምክንያቱም ገጠር ማታ ማታ የሚያበራው ዕቃ ብዙው ከዚህ ሰፈር ነው የሚጫነው። መርካቶ ራሱ የጣልያን ወረራ ዘመን ልጅ ነው። ፋሺስቶቹ ከተማዋን በዘር ሲከፋፍሉ የአራዳውን ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ አንስተው «ለአገሬው ሰው» ብለው ወደ ምዕራብ ገፉት። ጣልያን ሄደ፤ ገበያው ከነጣልያንኛ ስሙ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ዘመን የራሱን መብራት በዚህ ገበያ ሸጧል። ምናለሽ ተራ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ተበስቶ፣ ክር ገብቶለት ኩራዝ ይሆናል። ከኩራዝ ከፍ ያለው ፋኖስ ገዛ፤ ከዚያ ከፍ ያለው ማሾ። ላምባ ሲወደድ የቻይና ባትሪ መጣ፣ ቀጥሎ ባለሶላሩ። አሁን ደግሞ ዘመኑ የፓውዛ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተራ ብትሄዱ ከጆንያውና ከፍራሹ መሃል በካርቶን የታሸገ ፓውዛ ወደ ወሎ፣ ወደ ጎጃም፣ ወደ ወለጋ ሲሳፈር ታያላችሁ። ከተማው ሰማዩን ያጣበት ዕቃ ትኬት ቆርጦ ገጠር ይወርዳል።

ግን ምን ነበረን? ያጣነውን ለማወቅ የነበረውን መቁጠር ይቀድማል።

የደብረ ብርሃንን ስም አስቡት። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከተማዋን የቆረቆሩት በሰማይ በታየ ብርሃን ምክንያት እንደሆነ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ብርሃኑ የታየው ንጉሡ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት በድንጋይ ካስወገሩ ብዙም ሳይቆይ ነበር። እሳቸውም ፈጣሪ ሥራቸውን የወደደበት ምልክት አድርገው ወሰዱት። (የተወገሩት ወገኖች እንዴት እንደተረጎሙት መገመት አያቅትም።) አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ብርሃኑን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ያም ሆነ ይህ አንዲት ከተማ ስሟን ከሌሊት ሰማይ አግኝታለች። ዛሬ ደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። ሃሌይ ተመልሶ የሚመጣው እ.ኤ.አ. በ2061 ነው፤ አብዛኞቻችሁ በዕድሜ ትደርሱበታላችሁ። ከደብረ ብርሃን አደባባይ ቆማችሁ ታዩት እንደሆነ ግን እጠራጠራለሁ።

ከዚያ ደግሞ መጻሕፍቱ አሉ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ እስኪገባ ድረስ ምዕራቡ ዓለም መጽሐፉ የጠፋ ይመስለው ነበር። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል ስለ ሰማይ ነው፤ ፀሐይ ስለምትወጣባቸው ስድስት በሮች፣ ስለ ጨረቃ መሙላትና መጉደል። እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። መጽሐፉ በዓመቱ ረጅሙ ቀን የሌሊቱን እጥፍ ይሆናል ይላል። ላስታ ወይ ጎጃም ተቀምጦ ይሄን የገለበጠ ጸሐፊ ግን በዓይኑ የሚያየው ሌላ ነው፤ በኛ ምድር ረጅሙ ቀን ከሌሊቱ የሚበልጠው ሁለት ሰዓት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ነው። ብራናው አንድ ነገር ይላል፣ ሰማዩ ሌላ። ሁለቱንም ግን ማየት ይችል ነበር። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው አቡሻኽር አለ፣ ባሕረ ሐሳብ አለ። የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ቀመር አንድ ሙሉ መጽሐፍ ያሳተመው ወዶ አይደለም፤ የሚጻፍ ነገር ስላገኘ ነው።

ሰማዩ የሊቃውንት ብቻም አልነበረም። ሲራራ ነጋዴው አጋሰሱን የሚጭነው፣ ካህኑ ከማኅሌት የሚወጣው፣ እናት ለወፍጮ የምትነሳው የአጥቢያ ኮከብ አይታ ነው። ሰዓት አቆጣጠራችን ራሱ ሌሊቱን እንደ ሙሉ ግማሽ ይቆጥረዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ 12 ብለን ሌላ 12 እንጀምራለን። ሌሊት የቀን ጭራ አልነበረም።

አሁን ወደ መብራቱ። በአማርኛ «መብራት» ማለት ኤሌክትሪክ ማለትም ነው። ፍሪጁ ቢቆም መብራት ሄደ ነው፤ ወፍጮው ቢቆም መብራት ሄደ ነው። ተመልሶ ሲመጣ የሰፈር ልጅ በአንድ ድምፅ «መብራት መጣ!» ይላል። ይሄን ጩኸት የማያውቅ አንባቢ ካለ አዲስ አበባ አላደገም። ኤሌክትሪክ አገራችን የገባው በ1890 ዓ.ም. ገደማ ነው ይባላል፣ መጀመሪያ ያበራውም የምኒልክን ቤተ መንግሥት ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የውኃ ኃይል ተሠራ፤ አባ ሳሙኤል ተከተለ። በ1948 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ተቋቁሞ ሕዝቡ መብራት ኃይል ብሎ ጠራው፤ ስሙ ስንት ጊዜ ቢቀየር አፋችን ላይ እንደዚያው ቀረ። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀመረ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ ቤተ መንግሥት፣ ከዚያ ከተማ፣ ከዚያ ፋብሪካ። ገጠር ተራው አልደረሰም። መብራት የመንግሥትና የሹመት ምልክት ሆኖ ቆየ፤ ጨለማ የድህነት፣ የሌባና የጅብ። በደርግ ዘመን ደግሞ ሰዓት እላፊ ተጨመረበትና ሌሊት ከነጭራሹ የሚፈራ ነገር ሆነ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ጨለማን እንደ ሀብት የቆጠረ ሰው ብትፈልጉ አታገኙም። ማን ይፈርድበታል?

ጨለማ ያስፈለገው ሰው ብቅ ያለው በቅርቡ ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ተመሠረተ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በሼክ መሐመድ አላሙዲ የገንዘብ ድጋፍ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ እንጦጦ አናት ሁለት ጉልላቶች ቆሙ፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ መስተዋቱ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ። በ2007 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን ከቆረቆሩ 130 ዓመት ሊሆነው ሲል፣ ከዋክብት ፈላጊዎች ደግሞ ወደ ላይ ወጡ ማለት ነው። ግን ከተማዋ ተከትላቸው ወጥታለች። ቴሌስኮፖቹ ገና አዲስ ሳሉ ባለሙያዎቹ ራሳቸው የተናገሩት ሁለት ችግር ነበር፦ የክረምቱ ደመና እና የአዲስ አበባ መብራት። ለደመናው መላ የለም። ለመብራቱ ያሰቡት መላ መሸሽ ነበር። ለትልቁ ኦብዘርቫቶሪ የላሊበላ ዙሪያ ተራሮች ተጠኑ፤ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚቆመው አቡነ ዮሴፍ ያለበት አካባቢ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ የሚከብደው ላሊበላ ላይ ነውና። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ አናት አለፈ። ኮሮና ባይኖር ኖሮ ዓለም እዚያ ይሰበሰብ ነበር። በዓመቱ ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ደረሰ። የኤሌክትሪክ መስመሩ ተቋርጦ ላሊበላ ለረጅም ጊዜ በጨለማ ቆየች። ሰማዩ በዚያ ወራት እንዴት ያምር እንደነበር አልጠራጠርም። ግን ሐኪም በባትሪ ብርሃን የሚያዋልድበት፣ ወፍጮ ቆሞ እህል በእጅ የሚፈጭበት ጨለማ ነው። ያንን «ንጹሕ ሰማይ» ብሎ የሚያደንቅ ሰው ካለ ወደ እኔ እንዳይመጣ።

ስለዚህ የሚነሳውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ዛሬም መስመር ባልደረሰበት አገር ስለ ብርሃን ብክለት ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ጥያቄው ግን መብራትና ኮከብ በአንድ ሚዛን ሁለት ጎን የተቀመጡ ያስመስላል። አልተቀመጡም። ደጅ ላይ የተሰቀለ ፓውዛ ሥራው ደጁን ማሳየት ነው። ወደ ሰማይና ወደ ጎረቤት መስኮት የሄደው ብርሃን ማንንም መንገድ አላሳየም፤ ቆጣሪው ላይ ግን ተቆጥሯል። ሰማዩን የሚያጠፋውም ይኸው የባከነው ነው። ወደ ላይ ወጥቶ ከአየርና ከአቧራ ጋር እየተጋጨ ይበተንና ከተማው ላይ እንደ ነጭ ድንኳን ይዘረጋል። ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን ደግሞ ይበልጥ ይበተናል፤ ቀን ሰማዩ ሰማያዊ የሚሆንበት ምክንያት ራሱ ነው። ስለዚህ ወተት የመሰለው ኤልኢዲ ከቢጫው ይልቅ ኮከብ ይሸፍናል። ከሱሉልታ በኩል ማታ የሚመጣ መንገደኛ አዲስ አበባን ሳያይ ድንኳኗን ከእንጦጦ ጀርባ ያያል።

ጉዳቱ የሥነ ፈለክ ሰዎችን ብቻም አይደለም። ዝናብ ሲያባራ አሸን አምፖል ዙሪያ ሲፈላ አይታችኋል፤ ጠዋት መሬቱ በክንፍ ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። በስምጥ ሸለቆአችን በኩል ከአውሮፓ የሚመላለሱት ብዙዎቹ ወፎችም የሚበሩት ሌሊት ነው፣ ከዋክብትንም መንገድ ለመለየት ይጠቀሙባቸዋል።

ሌላው ዓለም ይሄን የተማረው ከረፈደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የዓለም የሌሊት ሰማይ አትላስ ከሰው ልጅ ከሲሶው በላይ ፍኖተ ሐሊብን ከሚኖርበት ቦታ ማየት እንደማይችል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ተራ ሰዎች በየአገሩ የቆጠሯቸውን ከዋክብት ያሰባሰበ ጥናት ሰማዩ በዓመት 10 በመቶ ያህል እየነጣ መሆኑን አስላ። በዚህ ፍጥነት ዛሬ 250 ኮከብ በሚታይበት ቦታ የተወለደ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው የሚያየው 100 ያህሉን ነው። ቀድመው የነቁም አሉ። ፕሉቶ በተገኘበት በአሜሪካው ፍላግስታፍ ከተማ የማስታወቂያ ፓውዛ ወደ ሰማይ ማብራት የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ደቡብ አፍሪካ ትልልቅ ቴሌስኮፖቿ ያሉበትን አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ ከለለች። ናሚቢያ ውስጥ ናሚብራንድ የተባለው ጥብቅ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የመጀመሪያው የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ስፍራ ተባለ፤ ቱሪስት ከፍሎ ጨለማ ሊያይ ይሄዳል። ላስታ፣ ሰሜን ተራሮች፣ ባሌ ከዚህ የሚያንሱበት ምን አለ?

እኛ ጋ ጊዜው አሁን ነው የምለው ለዚህ ነው። የህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማት አዲስ አበባን አብርቷል፣ ወደ ክልል ከተሞች ተሻግሯል፣ የገጠር ኮሪደርም እየተባለ ነው። እውነቱን ለመናገር ብርሃኑ ጥሩ ነገር አምጥቷል። ድሮ ሴት ልጅ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የማታልፍባቸው መንገዶች ላይ ዛሬ ሕፃናት ብስክሌት ይነዳሉ። ያንን መልሱ የሚል የለም። ዛፍ ግንዱ ድረስ በአምፖል መጠቅለሉ፣ ከመሬት ወደ ላይ ሕንጻ የሚያበራው ፓውዛ እስኪነጋ መንደዱ ግን ለማን ነው? የኔ ቅሬታ ይኼው ነው። ገጠር ላይ ደግሞ ምሰሶው ገና አልተተከለም፤ ገና ያልተሰቀለን መብራት አንገቱን ማስደፋት ሳንቲም አያወጣም። ከተሰቀለ በኋላ ግን መሰላል አለ፣ ጨረታ አለ፣ በጀት አለ።

በቅርቡ ሰባተኛ አካባቢ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ጠና ያሉ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ለገጠር ቤት ደጅ የሚሆን ፓውዛ ነበር የፈለግኩት። ከላይ ክዳን ያለው፣ ወደ ታች ብቻ የሚያበራ።»

«ክዳን?» አሉ። «ወንድሜ፣ ሰው የሚጠይቀኝ ስንት ዋት ነው ብሎ ነው።»

«ቢጫ ብርሃን ያለውስ?»

«ቢጫ አይሸጥም። ነጩ ነው የሚታየው፤ ከሩቅ ይታያል። የገጠር ሰው መብራት ሲያስገባ እኮ ጎረቤት እንዲያይለት ነው።»

ይሄን ሲሉ እየቀለዱ አልነበረም። ቤቱ ከኩራዝ የወጣ ሰው ብርሃኑ ከሩቅ እንዲታይለት ቢፈልግ ምን ይገርማል? ትንሽ አሰብ አደረጉና መደርደሪያው ጥግ ካለ አቧራማ ካርቶን ውስጥ አንድ ቢጫ አምፖል አወጡ፣ ሶኬት ላይ ሞከሩት።

«ክዳኑን ከፈለግክ» አሉ፣ «ምናለሽ ተራ ሂድ። ኩራዝ የሚሠሩት ልጆች ከቆርቆሮ ይቆርጡልሃል።»